ፍሳሽን በኩሬና በረግረግ ማጣራት፦ ስለ አርኬታ ከተማ አሠራር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በባሕር ጠረፍ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ፍሳሿን የት ታድርሰው ሲባል፣ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው መፍትሔ ትልቅ ማሽንና ረጅም ቧንቧ ነው። በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ርቃ በሃምቦልት ወሽመጥ ሰሜናዊ ጫፍ የምትገኘው አርኬታ ግን፣ 18 ሺህ ገደማ የሚሆኑ ነዋሪዎቿ የሚለቁትን ፍሳሽ ለአርባ ዓመታት ያህል በኩሬና በሰው ሠራሽ ረግረግ ስታጣራ ቆይታለች። ስለዚህ አሠራር ደጋግመው ለሚነሡ ጥያቄዎች የተሰጡት መልሶች ከዚህ በታች ቀርበዋል። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ባሕሩ ሰፊ ሆኖ ሳለ የአንዲት ትንሽ ከተማ ፍሳሽ ምን ያህል ሊጎዳው ይችላል?

ጉዳዩን የሚወስነው የባሕሩ ስፋት ሳይሆን ፍሳሹ የሚገባበት ቦታ ነው። የሃምቦልት ወሽመጥ በአሸዋማ የየብስ ምላሶች የተከለለና በጠባብ በር ብቻ ከሰላማዊ ውቅያኖስ ጋር የሚገናኝ በመሆኑ፣ ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ቢሞላና ቢሸሽም ወደ ውስጥ የገባው ቆሻሻ ሁሉ ወዲያው ተጠርጎ አይወጣም። በፍሳሹ ውስጥ ያለውን ብስባሽ ባክቴሪያዎች ሲመገቡት በውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣውም አየር ያጥረዋል። ናይትሮጅኑና ፎስፎረሱ አልጌን ያፋፋሉ፤ አልጌው ሲሞት ደግሞ መበስበሱ እንደገና ኦክሲጅን ይበላል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ፈጥኖ ሰው ላይ የሚደርሰው በሽታ አምጪው ተሕዋስ ነው። የሃምቦልት ወሽመጥ በካሊፎርኒያ ከሚመረተው ኦይስተር አብዛኛውን ያበቅላል። ኦይስተር በዛጎል ውስጥ የሚኖር፣ ብዙ ሰው ሳይበስል የሚበላው የባሕር ፍጥረት ሲሆን፣ ምግቡን የሚያገኘው ውኃን ወደ ሰውነቱ እያስገባና እያጠለለ ስለሆነ በውኃው ውስጥ ያለውን ባክቴሪያና ቫይረስ በሥጋው ውስጥ ያከማቻል። በዚህ ምክንያት ከባድ ዝናብ ጥሎ ጎርፍ ወደ ወሽመጡ ሲገባ፣ ወይም ፍሳሽ ሞልቶ ሲፈስ፣ ኦይስተር መልቀም ለቀናት ይታገዳል። የከተማዋ ማጣሪያ ጉድለት ቢኖርበት በመጀመሪያ እንጀራቸውን የሚያጡት እነዚህ አምራቾች ናቸው።

እያንዳንዱ ቤት የራሱ ሰፕቲክ ታንክ ቢኖረው አይበቃም?

ግቢው ሰፊ፣ አፈሩ ውኃን በዝግታ የሚያሰርግ፣ የከርሰ ምድር ውኃውም ጥልቅ በሆነበት ቦታ ሰፕቲክ ታንክ በየጊዜው እየተመጠጠ ለብዙ ዓመታት በአግባቡ ሊያገለግል ይችላል። ጠረፍ ላይ ግን አፈሩ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ውኃውም ቅርብ ነው፤ ቤቶችም ባሕሩን ለማየት ሲሉ ተጠጋግተው ይሠራሉ። ከታንኩ የሚወጣው ውኃ አሸዋውን በፍጥነት አልፎ የከርሰ ምድር ውኃን በናይትሬት ይበክላል። በአሜሪካ የመጠጥ ውኃ ደንብ መሠረት በናይትሬት መልክ ያለ ናይትሮጅን በሊትር ከ10 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ የተወሰነው፣ ከዚያ ሲያልፍ በተለይ የጨቅላ ሕፃናት ደም ኦክሲጅን የመሸከም አቅሙ ስለሚቀንስ ነው።

በዚያው በካሊፎርኒያ ጠረፍ ላይ የምትገኘውና 14 ሺህ ገደማ ሕዝብ ያላት ሎስ ኦሶስ የዚህ ጥሩ ማስረጃ ናት። የመጠጥ ውኃዋ ከከርሰ ምድር ይቀዳል፤ የአካባቢው የውኃ ጥራት ቦርድም በ1983 ከሰፕቲክ ታንኮች የሚወጣው ፍሳሽ እንዲታገድ ወሰነ። ጣቢያው የት ይሠራ፣ ወጪውን ማን ይሸከም በሚል ክርክር ዓመታት አለፉ፤ የተጀመረው ግንባታ በ2005 ቆመ፤ ኃላፊነቱም ከግዛቱ በታች ወዳለው አስተዳደር፣ ወደ ካውንቲው፣ ተዛወረ። ማጣሪያው ሥራ የጀመረው በ2016 ነው። መዘግየቱ ሕዝቡን ከወጪ አላዳነውም፤ እንዲያውም ዕዳውን አከበደው።

አርኬታ ወደ ረግረግ አሠራር እንዴት ልትደርስ ቻለች?

ከተማዋ በ1949 ዝቃጭን ብቻ የሚለይ የመጀመሪያ ደረጃ ማጣሪያ ሠራች፤ በ1957 በወሽመጡ ዳር 22 ሄክታር ያህል ስፋት ያላቸው ኩሬዎች ጨመረች፤ በ1966 ደግሞ ውኃውን በክሎሪን ማከም ጀመረች። በ1974 የካሊፎርኒያ ግዛት ባወጣው መመሪያ፣ የተጣራም ቢሆን ፍሳሽ ወደ ተከለሉ ወሽመጦች እንዳይለቀቅ ከለከለ። መመሪያው አንድ በር ክፍት ትቶ ነበር፦ የሚለቀቀው ውኃ የተቀባዩን ውኃ ሁኔታ ከበፊቱ የተሻለ የሚያደርገው መሆኑ ከተረጋገጠ ይፈቀዳል።

በወሽመጡ ዙሪያ ያሉ ማኅበረሰቦች በ1975 የጋራ ባለሥልጣን አቋቁመው፣ የሁሉንም ፍሳሽ በወሽመጡ ሥር በሚያልፍ ቧንቧ ሰብስቦ ሳሞአ በተባለው የየብስ ምላስ ላይ የሚያጣራና ወደ ውቅያኖስ የሚለቅ አንድ ትልቅ ጣቢያ ለመሥራት አቀዱ። ግምቱ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በርካታ የአርኬታ ሰዎች ወጪውን ብቻ ሳይሆን ሐሳቡንም ተቃወሙ። ቧንቧው የሚያልፍበት አካባቢ በመሬት መንቀጥቀጥ የሚታወቅ ነው፤ ኃይል ቢቋረጥ ወይም መስመሩ ቢሰበር ያልተጣራ ፍሳሽ በቀጥታ ወሽመጡ ውስጥ ይፈስሳል።

በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ የዓሣ ሀብት መምህር የነበሩት ጆርጅ አለን፣ የተጣራ ፍሳሽን ከባሕር ውኃ ጋር ቀላቅለው በኩሬ ውስጥ የሳልመን ጫጩቶችን ለዓመታት ሲያሳድጉ ስለነበር፣ ይህ ውኃ በአግባቡ ከተያዘ ሀብት እንደሚሆን በተግባር ያውቁ ነበር። የአካባቢ ምሕንድስና መምህሩ ሮበርት ጊርሃርት ደግሞ የረግረግ ተክሎች የኩሬውን ውኃ የበለጠ ሊያጠሩት እንደሚችሉ አስረዱ። የከተማው ምክር ቤት አባል ዳን ሃውዘርና ሌሎችም ጉዳዩን በግዛቱ ባለሥልጣናት ፊት ይዘው ተሟገቱ። በ1979 በትንንሽ የሙከራ ረግረጎች ሥራው ተጀመረ፤ በሙከራው የተገኘው መረጃ አሳማኝ ሆኖ በመገኘቱ ከተማዋ የራሷን መንገድ እንድትከተል ተፈቀደላት፤ ሙሉው አሠራርም በ1986 ተጠናቀቀ። በቀጣዩ ዓመት የፎርድ ፋውንዴሽንና የሃርቫርድ የመንግሥት ጥናት ትምህርት ቤት በጋራ የሚሰጡትን የ100 ሺህ ዶላር የፈጠራ ሽልማት አገኘች።

ከዚህ ታሪክ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ረግረጉ የተሠራው ማንም በማይፈልገው መሬት ላይ መሆኑ ነው። ቦታው ቀድሞ የግንድ ማቆያ ኩሬና በ1973 የተዘጋ የቆሻሻ መጣያ የነበረበት ነው። ዛሬ ከኩሬዎቹ ጋር 124 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው የዱር እንስሳት መጠለያ ሲሆን፣ ከ300 በላይ የወፍ ዝርያዎች ታይተውበታል። የአለን፣ የጊርሃርትና የሃውዘር ስም በሦስቱ የመጨረሻ ረግረጎች ላይ ይገኛል።

ፍሳሹ ከቤት ወጥቶ ወሽመጡ እስኪገባ በየት በየት ያልፋል?

መጀመሪያ የሚገጥመው የብረት ዘንግ ወንፊት ነው። ጨርቅ፣ ፕላስቲክ፣ እርጥብ ማጽጃ ወረቀትና በሽንት ቤት መጣል ያልነበረበት ነገር ሁሉ እዚያ ይያዛል፤ ቀጥሎ አሸዋና ጠጠሩ ይለያል። ከዚያ ውኃው በክብ ገንዳዎች ውስጥ በዝግታ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ጠላ ሲረጋ አተላው እንደሚዘቅጥ ከባዱ ነገር ወደ ታች ይወርዳል፤ ቅባቱ ከላይ ይሰፍፋል። ዝቃጩ አየር በማይገባባቸው ታንኮች ውስጥ ይብላላል፤ በኋላም ወደ ኮምፖስትነት ይለወጣል።

ዝቃጩ የተለየለት ውኃ ወደ ኩሬዎቹ ይገባል፤ እዚያም ለሳምንታት ይቆያል። በኩሬ ውስጥ አልጌ በፀሐይ ብርሃን ኦክሲጅን ይሠራል፤ ባክቴሪያው ያንን ኦክሲጅን እየተጠቀመ ብስባሹን ያፈራርሳል፤ በምላሹም ለአልጌው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጠዋል። በብዙ ዘመናዊ ጣቢያዎች ይህን ኦክሲጅን የሚያስገቡት ትልልቅ ነፋሾች ሲሆኑ፣ ብዙ ጊዜ ከጣቢያው ኤሌክትሪክ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚበሉት እነርሱ ናቸው። ኩሬው ይህን ያህል ኃይል ሳይጠይቅ ይሠራል፤ ዋጋውን የሚያስከፍለው በመሬት ስፋትና በጊዜ ነው።

የኩሬ ችግር ግን ራሱ አልጌው ነው። ከኩሬ የሚወጣው ውኃ አረንጓዴ ሾርባ ይመስላል፤ የአሜሪካ የፍሳሽ ደንብ ደግሞ በሊትር ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ነገር በወር አማካይ ከ30 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ፣ ለብስባሹ የሚያስፈልገው ኦክሲጅንም እንዲሁ ከ30 እንዳያልፍ ይጠይቃል። ረግረጉ የተጨመረው በዚህ ምክንያት ነው። ውኃው ጥቅጥቅ ባሉ ተክሎች ጥላ ሥር ሲያልፍ አልጌው ብርሃን ያጣል፤ ይሞትና ይዘቅጣል። ከዚያም፣ ለዓመታት በተሠራበት አካሄድ፣ ውኃው በክሎሪን ታክሞ ወደ 12 ሄክታር በሚሆኑት የመጨረሻ ረግረጎች ውስጥ ተጉዞ ይመለሳል፤ ዳግመኛም ታክሞ፣ የቀረው ክሎሪን ዓሣውን እንዳይጎዳ ከተወገደ በኋላ ወደ ወሽመጡ ይለቀቃል።

በረግረጉ ውስጥ የሚያጣራው ተክሉ ነው?

ብዙ ሰው የሚያስበው ተክሉ ቆሻሻውን በሥሩ ምጎ እንደሚጨርሰው ነው፤ የሚወስደው ግን ጥቂቱን ነው። በአርኬታ በብዛት የሚታዩት ፊላና የደንገል ዘመድ የሆነ ረጅም ቄጠማ ናቸው። አንዱን አገዳ ከውኃው በታች ካለው ክፍል ቆርጦ በጣት ላሸት ላደረገው ሰው፣ የሚያሙለጨልጭ ቡናማ ሽፋን ከእጁ ላይ ይቀራል። ሥራውን የሚሠራው ያ ሽፋን ነው። በውስጡ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ባክቴሪያዎችና ነጠላ ሕዋስ ያላቸው እንስሳት ይኖራሉ፤ በአጠገባቸው የሚያልፈውን የሟሟና የተንሳፈፈ ምግብ ይቀልባሉ። የአገዳውና የረገፈው ቅጠል ትልቁ አገልግሎት ለእነዚህ ፍጥረታት መኖሪያ መሆን፣ የውኃውን ፍጥነት መግታትና ብርሃንን መከለል ነው። ስለዚህም የደረቀና የወደቀ አገዳ ሳይቀር ያጣራል፤ ለዓይን እንዲያምር ተብሎ ሁሉንም ማጽዳት የማጣሪያውን አቅም መቀነስ ነው።

የተጣራው ውኃ ይጠጣል?

አይጠጣም። ወደ ወሽመጡ እንዲለቀቅ የሚያስችል ጥራት ያለው ውኃ ነው፤ ለመጠጥ የሚሆን ውኃ ሌሎች ብዙ የማጣራት ደረጃዎችን ማለፍ አለበት።

ሽታውና ትንኙስ?

ኩሬው ከአቅሙ በላይ ካልተጫነና የላይኛው ውኃ ኦክሲጅን ካላጣ ሽታው ቀላል ነው፤ የአርኬታ ነዋሪዎች በየዕለቱ በዙሪያው በእግር የሚንሸራሸሩት በዚሁ ምክንያት ነው። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ሲመጣ ኦክሲጅን ማለቁን ያመለክታልና ኃላፊዎቹ ሳይውሉ ሳያድሩ መንሥኤውን መፈለግ አለባቸው። ትንኝ የሚራባው ውኃው በቆመበትና ተክሉ አየር እስኪያጣ በተጨናነቀበት ቦታ ነው። ክፍት የውኃ ክፍሎችን በመካከል መተው፣ ዕጭ የሚበሉ ዓሦችን ማኖርና ውኃውን እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም።

በእርግጥ ርካሽ ነው?

ከትልቁ የጋራ ጣቢያ ዕቅድ ጋር ሲነጻጸር በግልጽ ርካሽ ነው፤ የኤሌክትሪክና የኬሚካል ፍጆታውም አነስተኛ ነው። ነገር ግን ረግረግ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ነገር አይደለም፤ ይህን የዘነጉ ከተሞች በጥቂት ዓመታት ውስጥ የደለል ማጠራቀሚያ ይዘው ይቀራሉ። የሞተው ተክል እየተጠራቀመ ጥልቀቱን ይቀንሰዋል፤ ውኃውም የቀለለውን መንገድ መርጦ በአንድ ጥግ ብቻ መሮጥ ይጀምራል። ግድቦቹ ይሸረሸራሉ፤ የእንስሳት ጉድጓድ ይበሳቸዋል። ባለሙያ፣ ላቦራቶሪና በየዓመቱ የተመደበ በጀት ያስፈልጋል። መሬት ውድ በሆነበት ከተማም ስሌቱ ሊገለበጥ ይችላል።

የአሠራሩ ዋና ድክመቶች ምንድን ናቸው?

አንደኛው አሞኒያ ነው፤ ይህም በተለይ ከሽንት የሚመጣ የናይትሮጅን ውህድ ነው። አሞኒያ ወደ ናይትሬት የሚለወጠው ኦክሲጅን ሲኖር ሲሆን፣ ጥቅጥቅ ባለ ረግረግ ውስጥ ኦክሲጅን ጥቂት ስለሆነ አብዛኛው ሳይነካ ያልፋል። ፎስፎረስም ለጥቂት ዓመታት በአፈሩ ይያዛል፤ አፈሩ ሲጠግብ መያዙ ይቀንሳል። የናይትሮጅን ገደቡ ጥብቅ የሆነበት ቦታ ረግረግ ብቻውን አይበቃም፤ አየር የሚሰጥ ተጨማሪ ደረጃ ያሻል።

ሁለተኛው ዝናብ ነው። የአርኬታ ጣቢያ የተነደፈው ዝናብ በሌለበት ጊዜ በቀን ወደ 8,700 ሜትር ኩብ እንዲያስተናግድ ነው። ዝናቡ በሚበዛበት ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ግን ውኃ በተሰነጠቁ አሮጌ ቧንቧዎችና በማንሆሎች እየሰረገ ስለሚገባ የሚመጣው መጠን በብዙ እጥፍ ያድጋል፤ ውኃውም በኩሬና በረግረግ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል። ለዚህ መፍትሔው ማጣሪያውን ማስፋት ሳይሆን መስመሩን መጠገን ነው፤ መጠገን ግን ሪባን የማይቆረጥለት ሥራ በመሆኑ በየከተማው ወደ ኋላ ይገፋል።

ሦስተኛውና ከሁሉም የሚያስጨንቀው የባሕር ጠለል መጨመር ነው። በሃምቦልት ወሽመጥ ዙሪያ መሬቱ ራሱ ቀስ በቀስ ወደ ታች እየሰመጠ በመሆኑ፣ የባሕሩ ከፍታ ከየብሱ አንጻር የሚጨምርበት ፍጥነት ከአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ሁሉ ይበልጣል። ኩሬዎቹና ረግረጎቹ ከባሕሩ የሚለያቸው የአፈር ግድብ ብቻ ነው። ከተማዋ ጣቢያውን ወደ ማደስ፣ ክሎሪንንም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ወደ መተካት ገብታለች፤ ይሁን እንጂ ጣቢያው በዚያው ቦታ እስከ መቼ ይቆያል የሚለውን ጥያቄ አብራ መያዝ ግድ ሆኖባታል። ዛሬ በጠረፍ ላይ አዲስ ጣቢያ የሚያቅድ ሁሉ ዝቅተኛውን መሬት የሚመርጠው ውኃ በራሱ ክብደት እንዲፈስለት ብሎ ነው፤ ባሕሩም በመጀመሪያ የሚደርሰው እዚያው መሬት ላይ መሆኑን ከወዲሁ ማስላት አለበት።

ይህ አሠራር በኢትዮጵያ ሐይቅ ዳር ከተሞች ሊሠራ ይችላል?

ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም፣ እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ያሉ ከተሞች ተመሳሳይ ጥያቄ አለባቸው። በኩሬ ማጣራትም ለአገሪቱ እንግዳ አይደለም፤ በአዲስ አበባ ቃሊቲ የነበረው የመጀመሪያው ማጣሪያ ጣቢያ በኩሬዎች የሚሠራ ነበር። ሞቃት አየር የባክቴሪያውን ሥራ ስለሚያፋጥነው፣ ከቀዝቃዛውና ጭጋጋማው አርኬታ ይልቅ ያነሰ መሬት ይበቃ ይሆናል።

ሆኖም ንድፉን እንዳለ ገልብጦ ማምጣት ስሕተት ነው። የአርኬታን ወሽመጥ ውቅያኖሱ በየዕለቱ ያጥበዋል፤ የሐዋሳ ሐይቅ ግን መውጫ ወንዝ የለውም፤ ወደ ውስጡ የገባ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ እዚያው ይጠራቀማል። ጣና ምንም እንኳ ዐባይ ከእርሱ የሚወጣ ቢሆንም፣ ከ2011 ጀምሮ በይፋ የታወቀው የእምቦጭ ወረርሽኝ ሐይቁ ተጨማሪ ማዳበሪያ የመሸከም አቅም እንደሌለው በግልጽ አሳይቷል። ሁለቱም ከተሞች ወባ በሚገኝበት ከፍታ ላይ ስለሆኑ፣ ረግረጉ ከመኖሪያ ሰፈር መራቅና ትንኝን በሚመለከት የጤና ባለሙያ ከመጀመሪያው በንድፉ መሳተፍ ይኖርበታል። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣም በእንዲህ ዓይነት ውኃ ውስጥ ይኖራል፤ ሕፃናትና ከብቶች እንዳይገቡ አጥር ያሻል። የፋብሪካ ፍሳሽ ደግሞ ከቤት ፍሳሽ ጋር መቀላቀል የለበትም፤ በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን በግቢው ውስጥ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ የተሠራው ለዚህ ነው።

ከሁሉም በፊት የሚመጣው ግን መሰብሰቡ ነው። አብዛኛው ቤት ጉድጓድ ሽንት ቤት ወይም ሰፕቲክ ታንክ በሚጠቀምበት ከተማ፣ በመምጠጫ መኪና የሚነሣው ዝቃጭ የሚራገፍበት ሕጋዊና በቅርብ ያለ ቦታ ካልተዘጋጀ፣ መኪናው ሌሊት ወንዝ ዳር ያራግፈዋል። ለእንዲህ ያለ ከተማ ከሰው ሠራሽ ረግረግ የሚቀድመው የዝቃጭ ማድረቂያ አልጋና የማራገፊያ ጣቢያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ነዋሪው በቤቱ ምን ማድረግ ይችላል?

የምግብ ዘይትና ቅባት በዕቃ ማጠቢያው አይደፋም፤ በቧንቧው ውስጥ ረግቶ መስመሩን ይዘጋዋል። እርጥብ ማጽጃ ወረቀት፣ ማሸጊያው ላይ በሽንት ቤት መጣል ይቻላል የሚል ጽሑፍ ቢኖርበትም እንኳ፣ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት መሄድ አለበት፤ በውኃ ውስጥ እንደ ሶፍት ስለማይበታተን ፓምፑ ላይ ይጠመጠማል። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት፣ ቀለምና ፀረ ተባይ የሚያጣሩትን ባክቴሪያዎች ሊገድል ወይም ሳይለወጥ እስከ ባሕሩ ሊደርስ ይችላል። የጣሪያ አሸንዳ ከፍሳሽ መስመር ጋር የተገናኘ ከሆነም መለየት አለበት፤ አንድ ሰፊ ጣሪያ በብርቱ ዝናብ ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያወርደው ውኃ፣ አንድ ቤተሰብ በቀናት ውስጥ ከሚለቀው ፍሳሽ ሊበልጥ ይችላል።